በባንዱንግ የአሊ ሳስትሮአሚጆዮን ዱካ የሚከተል የእግር ጉብኝት፤ የአንድ ተሳታፊ ግምገማ

በምዕራብ ጃቫ የምትገኘውን ባንዱንግን ለማየት የሚሄድ እንግዳ በቀላሉ የሚያገኘው የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሱካርኖን ከተማ ነው። ሱካርኖ ምህንድስና የተማሩበት ኮሌጅ፣ የታሰሩበት ክፍል፣ የተከሰሱበት ችሎትና በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነው ለእስያና ለአፍሪካ መሪዎች ንግግር ያደረጉበት አዳራሽ በአንድ ቀን ተዳርሰው ያልቃሉ። ስለዚህ አንድ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ አሊ ሳስትሮአሚጆዮ ብቻ የሚተርክ የእግር ጉብኝት እንደሚያዘጋጅ ባወቅኩ ጊዜ ሳላመነታ ተመዘገብኩ። አሊ ሁለት ጊዜ የኢንዶኔዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአገራቸው ቋሚ ተወካይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የ1955ቱ የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ሊቀመንበር የነበሩ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ከኢንዶኔዥያ ውጭ ስማቸው እምብዛም አይነሳም። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች ከማመሰግነው የምነቅፈው ሊበልጥ ስለሚችል፣ የሚጠቅመውም የጉብኝቱ ይዘት እንጂ ስሙ ስላልሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ክፍያው በቅድሚያ ይፈጸማል፤ ተሳታፊዎቹ ከአሥር አይበልጡም፤ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ማዳመጫና ባለአራት ገጽ ወረቀት ይሰጣል። ጉዞው ማለዳ ተጀምሮ ከምሳ በፊት ያበቃል። የጆሮ ማዳመጫው የመኪና ድምፅ በበዛበት ጎዳና ላይ ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኛል፣ ወረቀቱም ፎቶግራፎቹ የደበዘዙ ነበሩ፤ እነዚህ ግን በቀላሉ የሚስተካከሉ ነገሮች ስለሆኑ አልዘገይባቸውም። አስጎብኚያችን በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር ነበሩ። ኢንዶኔዥያውያን ለትልቅ ሰው እንደሚያደርጉት ሁሉ እኛም ቀኑን ሙሉ «ፓክ» እያልን ጠራናቸው።

መነሻው በእስያ-አፍሪካ ጎዳና ላይ ያለው ሳቮይ ሆማን ሆቴል ነው። ጎዳናው ራሱ የቆየ ታሪክ አለው፤ የሆላንድ አገዛዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጃቫን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ያቋረጠበት የታላቁ የፖስታ መንገድ አካል ሲሆን፣ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከጉባኤው ጋር ተያይዞ ነው። ሆቴሉ በ1930ዎቹ መጨረሻ በአዲስ መልክ ሲሠራ የተሰጠው የግንባሩ ጥምዝ ዛሬም ከሩቅ ይለያል። በኤፕሪል 1955 ልዑካኑ ያረፉት በዚህና በአቅራቢያው ባለው ፕሪያንገር ሆቴል ነበር፤ ከዚያም በእግራቸው እስከ ገዱንግ መርደካ፣ ማለትም እስከ «የነፃነት ሕንፃ» ድረስ ግራና ቀኝ በቆመ ሕዝብ መካከል ተጓዙ። ርቀቱ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ፓክ ግን እዚያች አጭር መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል አቁመውን የጉባኤውን ሐሳብ አመጣጥ ተረኩልን። ከጉብኝቱ ሁሉ የላቀው ክፍል ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የተረኩት ይህን ነው። በ1954 የሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኮተላዋላ የሕንድን፣ የፓኪስታንን፣ የበርማንና የኢንዶኔዥያን አቻዎቻቸውን ኮሎምቦ ላይ ሰበሰቡ። ዋናው አጀንዳ የኢንዶቻይና ጦርነት ነበር። አሊ በዚህ መሐል የእስያና የአፍሪካ ነፃ አገሮች በሙሉ የሚገናኙበት ሰፊ ጉባኤ ቢጠራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሞቅ ያለ አቀባበል አላገኘም፤ በተለይ የሕንዱ ነህሩ ጥቅሙ አልታያቸውም። ኮሎምቦ ላይ የተወሰነውም ቢበዛ አሊ ነገሩ ይሆን እንደሆነ እንዲያጠኑ የሚል ነበር፤ ይህም በዲፕሎማሲ ቋንቋ በትህትና እንደ መሸኘት ይቆጠራል። አሊ ግን ቃሉን እንደ እውነተኛ ውክልና ወሰዱት። በሴፕቴምበር ወደ ኒው ዴልሂና ወደ ራንጉን ሄደው ነህሩንና የበርማውን ኡ ኑን አግባቡ፤ በዲሴምበር 28 እና 29 አምስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከጃካርታ በማይርቀው ቦጎር ተገናኝተው የሚጋበዙትን አገሮች ዝርዝር አጸደቁ። ተጨማሪ ሃያ አምስት አገሮች ተጋበዙ፤ እምቢ ያለው የማዕከላዊ አፍሪካ ፌዴሬሽን ብቻ ስለነበር ከአዘጋጆቹ ጋር ሃያ ዘጠኝ አገሮች ተገኙ። ከእነርሱ መካከል አፍሪካውያኑ ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ሊቢያ፣ ላይቤሪያ፣ ሱዳንና ያኔ ነፃነቷን ያላገኘችው ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና)። ፓክ የአገሬን ስም ሲጠሩ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ፤ ቡድኑም ከዚያ በኋላ ለእኔ የተለየ ክብር ሰጠኝ፣ ምንም ሳልሠራ ያገኘሁት ክብር ቢሆንም።

ገዱንግ መርደካ የሆላንድ ሰፋሪዎች ኮንኮርዲያ እያሉ የሚጠሩት የመዝናኛ ክበብ ነበር፤ የዛሬ ቅርጹን ያገኘው በ1920ዎቹ ነው። በውስጡ ያለው ቤተ መዘክር በኤፕሪል 24 ቀን 1980፣ ጉባኤው በተዘጋ በሃያ አምስተኛ ዓመቱ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሞክታር ኩሱማአትማጃ ሐሳብ አመንጪነት ተከፈተ። የጉባኤውን መክፈቻ በምስል ሥራ የሚያሳየው ትዕይንት፣ ፎቶግራፎቹና የዘመኑ የጽሕፈት መኪናዎች በራሳቸው ለመታየት የሚበቁ ናቸው። ያለ አስጎብኚ መግባት ይቻላል፤ ስለዚህ ለጉብኝቱ የሚከፈለው ገንዘብ ሊመዘን የሚገባው ፓክ እዚያ ክፍል ውስጥ በሚጨምሩት ነገር ነው። የጨመሩት ብዙ ነበር። በአንድ የቡድን ፎቶግራፍ ፊት አቁመውን ሊቀመንበሩ የት እንደተቀመጡ እንድንፈልግ ጠየቁን፤ ከአሥር ሰው ሁለታችን ብቻ ነበርን ያወቅነው። ከዚያ የጉባኤውን ዋና ጸሐፊ ሩስላን አብዱልጋኒንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሱናርዮን እያሳዩ የሥራ ክፍፍሉን አስረዱን፤ ከጉባኤው ጎን ለጎን በኤፕሪል 22 ቀን ሱናርዮና የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በኢንዶኔዥያ የሚኖሩ ቻይናውያንን የጥምር ዜግነት ጉዳይ ለመቋጨት የተፈራረሙትን ውልም አነሱ።

ከቤተ መዘክሩ በኋላ በመኪና ወደ ገዱንግ ድዊዋርና ሄድን። ሕንፃውን ያየነው ከውጭ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ጎብኚዎች እዚህ ላይ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ፤ እኔ ግን የአሊ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታይበት ስፍራ ይህ ነው እላለሁ። የጉባኤው ኮሚቴዎች የተሰበሰቡት በዚህ ሕንፃ ነበር፤ የኢኮኖሚውን ኮሚቴ ሮሴኖ፣ የባህሉን ሙሐመድ ያሚን፣ የፖለቲካውን ደግሞ ራሳቸው አሊ መሩት። ቅኝ አገዛዝን ማውገዝ ለሁሉም ቀላል ነበር፤ ኮተላዋላ የሶቪየት ኅብረትን የምሥራቅ አውሮፓ የበላይነት ጭምር ቅኝ አገዛዝ ነው ብለው ሲነሱ ግን ጉባኤው ሊሰነጠቅ ደረሰ። ነህሩ ተቆጡ፣ ቹ ኤን ላይ ተከፉ፣ የቱርክና የፓኪስታን ልዑካን ኮተላዋላን ደገፉ። ውሳኔ የሚተላለፈው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሁሉም ስምምነት ስለነበር አንድ አገር እምቢ ቢል እንኳ መግለጫው ይቀራል ማለት ነው። ከብዙ ድካም በኋላ ቅኝ አገዛዝ በሚገለጥበት መልክ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ቃል ተገኘ፤ «መልክ ሁሉ» የሚለውን እያንዳንዱ ወገን እንደሚፈልገው ተረጎመው፣ ሁሉም ፈረሙ። ፓክ ይህን ሲያስረዱ ሊቀመንበሩ ስለ ራሳቸው አቋም ሳይናገሩ ሌሎች የሚስማሙበትን ቃል እስኪያገኙ መታገሣቸውን በተለየ አድናቆት ነበር የተናገሩት። እኔም እዚያ በሩ ላይ ቆሜ ሱካርኖ ስለ ምን ይታወሳሉ፣ አሊስ ስለ ምን ይረሳሉ ለሚለው መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ንግግር ይቀረጻል፣ የኮሚቴ ትዕግሥት ግን ፎቶግራፍ የለውም።

እስከዚህ ድረስ ጉብኝቱ ምስጋና ይገባዋል። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመንገዱ መዛነፍ ነው። ከድዊዋርና ስንመለስ ጊዜ ሳይበቃን ወደ ባንቼይ ወሰዱን፤ ይህ ሱካርኖ በሆላንዶች ዘመን የታሰሩበት እስር ቤት ሲሆን ዛሬ ከእርሱ የቀሩት የእርሳቸው ክፍልና አንድ የጥበቃ ማማ ናቸው። ስፍራው ሊታይ ይገባዋል፣ ነገር ግን የከፈልነው ስለ አሊ ነው። ስለ እስር መተረክ ከተፈለገ ደግሞ የአሊ የራሳቸው እስር የሚያንስ አልነበረም። በ1903 በመካከለኛው ጃቫ በማገላንግ አካባቢ በግራባግ ተወልደው ለሕግ ትምህርት ወደ ላይደን የሄዱት አሊ፣ በሴፕቴምበር 1927 በኋላ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከሙሐመድ ሐታና ከሌሎች ሁለት ጓዶቻቸው ጋር በሆላንድ ፖሊስ ተይዘው ወራት ከታሰሩ በኋላ በማርች 1928 በሄግ ችሎት ፊት ቀርበው በነፃ ተሰናብተዋል። ይህ ታሪክ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተሰጠው። ባንቼይ ላይ ባጠፋነው ሰዓት አስጎብኚው በቃል ቢተርኩልን እንኳ ይበቃን ነበር።

የሐታና የአሊ ነገር በጉብኝቱ መዘለሉ በተለይ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የአሊን የሥራ ዘመን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው ክር እርሱ ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው በአንድ ክስ ተከሰሱ። ነፃነት ከታወጀ በኋላ አሊ ከ1947 እስከ 1949 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ፣ ከሆላንድ ጋር በተደረጉት ድርድሮች ላይም ልዑክ ነበሩ፤ በዲሴምበር 1948 የሆላንድ ጦር ዮግያካርታን ሲይዝ ሁለቱ እንደገና አብረው በባንካ ደሴት በግዞት ተቀመጡ። በ1949 ሉዓላዊነትን ወዳስገኘው የሄግ የክብ ጠረጴዛ ጉባኤም በሐታ በሚመራው ልዑክ ውስጥ አሊ ነበሩበት። በዲሴምበር 1956 ሐታ ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲለቁ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ የነበሩት እኒሁ አሊ ናቸው። አንድ ጥሩ ተራኪ ከዚህ ውስጥ ስንት ነገር ያወጣ ነበር! የዋሽንግተኑ አምባሳደርነት፣ ከ1950 እስከ 1953 የቆየው፣ በጉብኝቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፏል፤ ይህን እንኳ በከተማው ውስጥ የሚያሳየው ሕንፃ ስለሌለ ይቅር ልለው እችላለሁ።

ይቅር ለማለት የሚከብደው ሌላ ነው። ጉብኝቱ የጉባኤው መዝጊያ በሆነው በኤፕሪል 24 ቀን ላይ ይቆማል፤ እንግዳው አሊ ከዚያ በኋላ በክብር አርጅተው የሞቱ መስሎት ይመለሳል። እውነቱ ግን የአሊ ካቢኔ ከጉባኤው በኋላ የቆየው ሦስት ወር ብቻ መሆኑ ነው። መንግሥት ኮሎኔል ባምባንግ ኡቶዮን የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም አድርጎ ሲሾም መኮንኖቹ በጁን 27 ቀን ከሹመቱ ሥነ ሥርዓት ቀሩ፤ የጦሩ የሙዚቃ ጓድም አልመጣም ስለተባለ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሙዚቃ ጓድ ተጠርቶ ተጫወተ። ሃያ ዘጠኝ አገሮችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስማማው ሰው የገዛ ጦሩን ማስማማት ተስኖት በጁላይ 24 ቀን ሥልጣኑን መለሰ። በሴፕቴምበር የተካሄደው የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ በእርሳቸው መንግሥት ቢጠነሰስም የተፈጸመው በተተኪያቸው በቡርሃኑዲን ሐራሐፕ ዘመን ነው፤ የአሊ ብሔራዊ ፓርቲ 22 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፣ እርሳቸውም በማርች 1956 ተመለሱ።

ሁለተኛው ዘመን ከመጀመሪያው ይልቅ መራራ ነበር። ካቢኔው በኦገስት 1956 ከክብ ጠረጴዛው ስምምነት የመነጨውን የሆላንድ ዕዳ አብዛኛውን አልከፍልም በማለቱ በአገር ውስጥ ተጨበጨበለት። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በሱማትራ የጦር አዛዦች የአካባቢ አስተዳደሩን በእጃቸው አደረጉ፤ በጃንዋሪ 1957 እስላማዊው የማሹሚ ፓርቲ ከጥምር መንግሥቱ ወጣ፤ በማርች መጀመሪያ ደግሞ ማካሳር ላይ ሌላ እንቅስቃሴ ተነሣ። አሊ በማርች 14 ቀን 1957 ሥልጣን ሲለቁ ሱካርኖ በዚያው ዕለት የጦርነት አዋጅ ደነገጉ። አሊም ወደ ሚያውቁት ሥራ ተመልሰው እስከ 1960 በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው ተወካይ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንባቢው «ይህ ሁሉ የጃካርታ ታሪክ ነው፣ የባንዱንግ አስጎብኚ ምን ያድርግ?» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንዲህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ገዱንግ መርደካ ከጉባኤው በኋላ በሩ አልተዘጋም፤ በ1955 መጨረሻ የተመረጠው ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ሱካርኖ በጁላይ 1959 እስኪበትኑት ድረስ የተሰበሰበው እዚያው ነው። ከ1960 ጀምሮ ደግሞ ጊዜያዊው የሕዝብ ምክር ጉባኤ እዚያው ተቀመጠ፤ ከምክትል ሊቀመናብርቱ አንዱም አሊ ሳስትሮአሚጆዮ ነበሩ። በ1963 ሱካርኖን የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ያደረገው ውሳኔ የወጣው በባንዱንግ ነው። ስለዚህ ፓክ «አሊ የት እንደተቀመጡ ፈልጉ» ባሉን ሕንፃ ውስጥ አሊ ሁለተኛ ጊዜም ተቀምጠው ነበር፣ ይህኛው ጊዜ ግን ሌሎች ነፃ ሆነው ቃል የሚመርጡበት ጉባኤ ሳይሆን አንድ ሰው የሚፈልገው የሚጸድቅበት ስብሰባ ነበር። አንድን ሕንፃ ሁለት ጊዜ የማሳየት ዕድል ያለው አስጎብኚ አንዱን ብቻ ማሳየቱን ሰነፍነት አልለውም፤ አዘጋጆቹ እንግዳ ደስ ብሎት እንዲሄድ መፈለጋቸው ይመስለኛል። የአሊን የሥራ ዘመን አሳያለሁ ብሎ ገንዘብ መቀበልና አንድ ሳምንት አሳይቶ መሸኘት ግን የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

ለመሄድ ለሚያስቡ ሰዎች የምመክረው ይህን ነው። ስለ 1955ቱ ጉባኤ ጥቂት ያነበበ ሰው ከመንገዱ ትረካና ከድዊዋርና ብዙ ይጠቀማል፤ ምንም ያላነበበ ግን ቤተ መዘክሩን በራሱ ጊዜ አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል፣ ምክንያቱም በቡድን ሲገባ ፎቶግራፎቹን ረጋ ብሎ ለማየት ጊዜ አይኖረውም። ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው የድዊዋርናውን ክፍል ይዝለለው። ባንቼይን ማየት የማይፈልግ ሰው ቀድሞ ቢናገር ፓክ በዚያ ሰዓት ጥያቄ ሊመልሱለት ፈቃደኛ ናቸው፤ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አስጎብኚው ከተዘጋጀላቸው ወረቀት በላይ የሚያውቁ ሰው በመሆናቸው ከጉብኝቱ የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚወሰነው እንግዳው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

እኔም መጨረሻ ላይ፣ ሌሎቹ ተሰናብተው ሲሄዱ፣ ስለ ኤፕሪል 1966 ጠየቅኳቸው። አሊ ከ1960 ጀምሮ የብሔራዊ ፓርቲው ሊቀመንበር ነበሩ፤ የሱካርኖ ሥልጣን ወደ ጄኔራል ሱሃርቶ እየተላለፈ በነበረበት በዚያ ወር የፓርቲው ጉባኤ ተሰብስቦ እርሳቸውን አውርዶ ኦሳ ማሊኪን መረጠ። የተሰበሰበው በባንዱንግ ነው፤ የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ከተዘጋ ልክ በአሥራ አንደኛው ዓመት። ፓክ ጥያቄዬን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ፣ ከዚያም ሳቅ ብለው «ያ ሌላ ጉብኝት ነው» አሉኝ። መቼ እንደሚጀመር ስጠይቃቸው ገና አልተጻፈም አሉ። ሲጻፍ እንዲያሳውቁኝ አድራሻዬን ትቼላቸው መጥቻለሁ።